የወንድ መካንነትና ዘረመል፦ በወሎ ላሉ ባልና ሚስት ምርመራውን ከየት መጀመር፣ ውጤቱን እንዴት ማንበብ

ያለ መከላከያ ዓመት ሙሉ አብረው ኖረው እርግዝና ካልመጣ መመርመር ይገባል። ሚስት 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር በቂ ነው። ደሴም ይሁን ወረኢሉ፣ ወልድያም ይሁን ከሚሴ፣ ሐኪም ቤት ቀድማ የምትሄደው አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ናት። አልትራሳውንድ ስትነሳ፣ ኪኒን ስትውጥ፣ ጸበል ስትጠመቅ ወይም ዱዓ ስታስደርግ ዓመታት ያልፋሉ፤ ባል የዘር ፈሳሹን የሚሰጠው ከሁሉ በኋላ ነው። ጸበሉም ዱዓውም አይቋረጥ፤ የባል ምርመራ ግን ወደ ፊት ይምጣ። ልጅ ካጡ ባለትዳሮች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ ደግሞ ሕመም የለውም፤ ከሌሎቹም ይረክሳል። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ይጀምሩ።

«የዘረመል ችግር» ሲባል ብዙ ወንድ ወዲያው «አባቴ ሰባት ወልዷል፣ ወንድሞቼም ወልደዋል፣ ከእኛ ቤት ይህ የለም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ነገሩን አያስቀረውም። በወንድ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለቱ የዘረመል መንስኤዎች ከወላጅ የወረዱ አይደሉም። አንዱ የእናት እንቁላል ወይም የአባት ስፐርም ሲሠራ ክሮሞሶም በትክክል ሳይከፈል በመቅረቱ የሚመጣ ነው፤ ሌላው የአባት ስፐርም ሲሠራ የዋይ ክሮሞሶም ቁራጭ በመጥፋቱ። ስለዚህ የባልን ወላጆች መውቀስም፣ «ዘራችን ንጹሕ ነው» ብሎ ምርመራ መተውም አያዋጣም።

የዘር ፈሳሽ ምርመራ

የዘረመል ምርመራ ውድ ነው፤ ማን እንደሚያስፈልገው የሚለየው ይህ ርካሽ ምርመራ ነው። እዚህ የተሠራ ስሕተት እስከ መጨረሻው ይከተላል።

ናሙና ከመሰጠቱ በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ዘር ሳይፈስ መቆየት አለበት። ከ2 ቀን ካነሰ መጠኑና ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ከ7 ቀን ካለፈ ደግሞ የሞተው ይበዛል። ለሁለተኛው ምርመራም ያንኑ ያህል ቀን ይጠብቁ፤ ካልሆነ ሁለቱን ወረቀቶች ማወዳደር አይቻልም። ናሙናው የሚወሰደው በእጅ፣ ላብራቶሪው በሰጠው ሰፊ አፍ ዕቃ ነው። ምራቅ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን አይንካው። በተራ ኮንዶም አይሰብስቡ፤ ቅባቱ ስፐርሙን ይጎዳል። የመጀመሪያው ጠብታ ውጭ ከፈሰሰ ሳያፍሩ ይናገሩ፤ አብዛኛው ስፐርም የሚወጣው በዚያ በመጀመሪያው ክፍል ስለሆነ ውጤቱ ያለ ጥፋቱ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ናሙናው ቤት ተወስዶ ከመጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ደሴና ኩታበር ጠዋት ብርዱ ይበረታል፤ በእጅ ወይም በቦርሳ የተያዘ ናሙና ቀዝቅዞ «አይንቀሳቀስም» የሚል ውጤት ሊያመጣ ይችላል። በውስጥ ልብስ ኪስ፣ ከሰውነት አስጠግተው ይያዙት። ከሩቅ ወረዳ የሚመጣ ሰው ግን መንገዱን ትቶ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ቢሰጥ ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (በፈረንጆች) ያወጣው ዝቅተኛ ወሰን እንዲህ ነው፦ መጠን 1.4 ሚሊ ሊትር፣ ክምችት በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ ጠቅላላ ቁጥር 39 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀስ 42 በመቶ፣ ወደ ፊት የሚሄድ 30 በመቶ፣ ትክክለኛ ቅርጽ ያለው 4 በመቶ። ቁጥሮቹ የተወሰዱት በአንድ ዓመት ውስጥ ሚስቶቻቸውን ካስረገዙ ወንዶች ነው፤ ከእነዚያ ወንዶች 5 በመቶው ራሱ ከወሰኑ በታች ነበር። ስለዚህ 14 ሚሊዮን ያየ ሰው «መካን ነኝ» አይበል። በተለይ «ትክክለኛ ቅርጽ 4 በመቶ» የሚለው ሰውን በከንቱ ያስደነግጣል፤ ጤነኛ ወንድም ዘንድ አብዛኛው ስፐርም ቅርጹ የተዛባ ነው።

ስፐርም ተሠርቶ ለመብሰል 74 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ባቲ ወይም ከሚሴ ቆላ ወርዶ ወባ የያዘው፣ ታይፎይድ ወይም ሌላ ኃይለኛ ትኩሳት የነበረበት ሰው እስከ ሦስት ወር ድረስ ቁጥሩ ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ሦስት ወር ጠብቆ ይድገም። ትኩሳት ያልነበረበትም ቢሆን በአንድ ውጤት ብቻ አይፈረድም።

«ስፐርም የለም» የሚል ወረቀት ከተሰጠዎት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ፈሳሹ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ዝቃጩ ታይቷል? በ3,000 ጂ ኃይል ለ15 ደቂቃ ተሽከርክሮ ዝቃጩ በማይክሮስኮፕ ካልታየ ጥቂት ስፐርም ያለው ሰው ምንም የለውም ሊባል ይችላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አምስት ስፐርም እንኳ ካለ ያለ ቀዶ ሕክምና ለኢክሲ (አንድ ስፐርም በላብራቶሪ እንቁላል ውስጥ በመርፌ ለሚገባበት ሕክምና) ሊያገለግል ይችላል። መጠኑና ፒ ኤቹ (አሲድነቱ) ያልተጻፈበት ወረቀትም ጎዶሎ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብሎ ይታያል።

ሐኪሙ በእጁ የሚያየው

ስፐርም የሌለው ወይም በጣም የቀነሰ ወንድ ሱሪውን ሳያወልቅ ከክፍሉ ከወጣ ምርመራው አልተደረገም። ወንዶቻችን ያፍራሉ፤ ሥራ የበዛበት ሐኪምም ቶሎ ያልፈዋል። ሦስት ነገር መታየት አለበት።

አንደኛው የቆለጥ መጠን ነው። የአዋቂ ቆለጥ ከ15 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ሐኪሙ ቆለጡን የሚያመሳስልበት የመለኪያ ዶቃ ከሌለ በአልትራሳውንድ ቁመት፣ ወርድና ውፍረት በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ሦስቱ ተባዝተው በ0.71 ይባዛሉ። ለምሳሌ 4.5 በ3 በ2.5 ቢሆን 24 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል፤ 2 በ1.3 በ1.2 ቢሆን 2.2 ብቻ ነው። የኋለኛው ሰው ሌላ ነገር ከመሞከሩ በፊት ወደ ክሮሞሶም ምርመራ መሄድ አለበት።

ሁለተኛው የዘር ቱቦው ነው። ከቆለጥ ወደ ላይ የሚወጣው ገመድ ውስጥ በጣት የሚዳሰስ ጠንካራ ክር መኖር አለበት፤ በሁለቱም በኩል ከሌለ የመካንነቱ ምክንያት በዚያው ደቂቃ ታወቀ ማለት ይቻላል። ይህን የሚተካ የላብራቶሪ ማሽን የለም።

ሦስተኛው ሌላው ሰውነት ነው፦ ጡት ማበጥ፣ የጢም መሳሳት፣ ከደረት ይልቅ የእግር መርዘም፣ በቆለጥ ከረጢት ላይ ያበጡ ደም ሥሮች፣ በልጅነት ያልወረደ ቆለጥ ወይም የቡአ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ። ጆሮ ደግፍ ከጉርምስና በኋላ ይዞት ቆለጡ ያበጠ ሰው ይንገር፤ ያኔ ምክንያቱ ዘረመል ላይሆን ይችላል።

ሆርሞን

ኤፍ ኤስ ኤች፣ ኤል ኤች (ሁለቱ አንጎል ለቆለጥ ትእዛዝ የሚልክባቸው ሆርሞኖች) እና ቴስቶስትሮን (ቆለጥ የሚሠራው የወንድ ሆርሞን) ይታዘዛሉ፤ እንደ አስፈላጊነቱ ፕሮላክቲንም። ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ ስለዚህ ደሙ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ ቁርስ ሳይበላ ይቀዳ። ከሰዓት በኋላ ተቀድቶ «ዝቅተኛ» የተባለ ሰው ጠዋት ሳይደግም ሕክምና አይጀምር።

አሁን የቆለጡን መጠን፣ ኤፍ ኤስ ኤቹንና የዘር ፈሳሹን ውጤት አንድ ላይ ያንብቡ። ቆለጥ ትንሽ፣ ኤፍ ኤስ ኤች ከፍተኛ ከሆነ ፋብሪካው ራሱ ተጎድቷል፤ ካርዮታይፕ (የክሮሞሶም ቆጠራ) እና የዋይ ክሮሞሶም ምርመራ ያስፈልጋል። ቆለጥ ትንሽ፣ ኤፍ ኤስ ኤችም ዝቅተኛ ከሆነ ትእዛዙ ከአንጎል አልመጣም ማለት ነው፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በመድኃኒት የሚድነው ይህ ነው። ቆለጥ ደህና፣ ኤፍ ኤስ ኤች ደህና፣ የፈሳሹ መጠን ትንሽና አሲዳማ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል ወይም ከመጀመሪያው አልተፈጠረም። ቆለጥም ኤፍ ኤስ ኤችም የፈሳሹ መጠንም ደህና ሆኖ ስፐርም ብቻ የጠፋ እንደሆነ መዘጋት ሊሆን ይችላል፤ ስፐርሙ ግማሽ መንገድ ላይ ማደጉን ያቆመበት ሰውም እንዲሁ ይመስላል፤ የዋይ ምርመራ ሳይደረግ «ተዘግቷል» ተብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ ቁማር ነው።

የትኛው የዘረመል ምርመራ፣ በየትኛው ቱቦ

ስፐርም የሌለው ወይም በሚሊ ሊትር ከ5 ሚሊዮን በታች የሆነ ሰው ካርዮታይፕ ይደረግለት፤ የዋይ ቁራጭ ምርመራም እንዲሁ፣ በተለይ ከ1 ሚሊዮን በታች ከሆነ። ቁጥሩ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሆነ ሰው በተደጋጋሚ ውርጃ ካልተቸገሩ በቀር ለእነዚህ ገንዘቡን አያውጣ። ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ጽንስ የወረደባቸው ባልና ሚስት ግን የስፐርም ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ሁለቱም ካርዮታይፕ ቢሠሩ ተገቢ ነው፤ ክሮሞሶም ቦታ የተለዋወጠበት ሰው ራሱ ጤነኛ ሆኖ ጽንሱ ይወርዳል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ቱቦው ላይ ነው። ለካርዮታይፕ ሕያው ሕዋስ ያስፈልጋል፤ ደሙ በሶዲየም ሄፓሪን፣ በአረንጓዴ ክዳን ቱቦ፣ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀዳል። አይቀዘቅዝም፣ በረዶ ላይ አይቀመጥም፣ ፀሐይ አይመታውም፤ በ24 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መግባት አለበት። ሕዋሱ እዚያ ለ72 ሰዓት ያህል እንዲባዛ ይደረግና ክሮሞሶሙ ይቆጠራል። የዋይ ቁራጭ ምርመራ ግን በፒ ሲ አር (ዲ ኤን ኤውን አባዝቶ በማየት) ነው፤ ደሙ በኢ ዲ ቲ ኤ፣ በሐምራዊ ክዳን ቱቦ ይቀዳል፤ በፍሪጅ ለቀናት መቆየት ይችላል። ሲቀያየሩ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ኢ ዲ ቲ ኤ ሕዋሱ እንዳይባዛ ይጎዳል፣ ሄፓሪን ደግሞ ፒ ሲ አሩን ያከሽፋል።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የካርዮታይፕ ደም በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ከመላክ ይልቅ ሰውየው ራሱ ሄዶ እዚያ ቢቀዳ ይመረጣል፤ ያውም ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባለው ቀን፣ ሕዋሱ የሚቆጠርበት ቀን እሑድ ላይ እንዳይወድቅ። ከመሄድዎ በፊት ለላብራቶሪው ደውለው ይጠይቁ፦ ራሳችሁ ትሠራላችሁ ወይስ ውጭ አገር ትልካላችሁ? ስንት ሕዋስ ትቆጥራላችሁ? የተለመደው ከ20 እስከ 30 ነው፤ የተቀላቀለ ዓይነት (አንዱ ሕዋስ ደህና፣ ሌላው ያልሆነ) ከተጠረጠረ ከዚያ በላይ። ለዋይ ምርመራስ የትኞቹን ምልክቶች ታያላችሁ? ቢያንስ ኤስ ዋይ 84 እና 86፣ 127 እና 134፣ 254 እና 255 መኖር አለባቸው፤ «የዋይ ምርመራ» ብቻ የሚል ወረቀት ምን እንደታየ ስለማይናገር ለሚቀጥለው ሐኪም አይጠቅምም።

ውጤቱ ሲመጣ

46፣ ኤክስ ዋይ ማለት ካርዮታይፑ የተለመደው የወንድ ነው።

47፣ ኤክስ ኤክስ ዋይ ክላይንፌልተር ይባላል። ከ600 ወንዶች አንድ ገደማ ላይ ይገኛል፤ ብዙዎቹ ልጅ እስኪያጡ ድረስ አያውቁትም። ሰውየው ወንድ ነው፤ ግንኙነት ያደርጋል፣ ጢምም ሊኖረው ይችላል። ቆለጡ ግን ትንሽና ጠጣር፣ ኤፍ ኤስ ኤቹ ከፍተኛ ነው። ድሮ «በቃ» ይባል ነበር፤ አሁን በማይክሮስኮፕ እየታየ በሚሠራ የቆለጥ ቀዶ ሕክምና (ማይክሮ ቴሴ) ከአሥሩ በአራት ወይም በአምስቱ ስፐርም ይገኛል፤ የሚወለዱትም ልጆች በአብዛኛው ክሮሞሶማቸው ደህና ነው። ከልጅ ጉዳይ ውጭም ክትትል ያስፈልገዋል፤ ለስኳር፣ ለአጥንት መሳሳት፣ ለደም መርጋት የበለጠ ተጋላጭ ነው። ቴስቶስትሮን ሊያስፈልገው ይችላል፤ ነገር ግን ስፐርም ፍለጋው ሳያልቅ አይጀምር።

46፣ ኤክስ ኤክስ በወንድ ላይ ከተገኘ ስፐርም ለመሥራት የሚያስፈልገው የዋይ ክፍል የለም፤ ቀዶ ሕክምና አይሞከርም።

የዋይ ውጤት ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የሚያድነው ነው። ስፐርም ለመሥራት የሚያስፈልገው የዋይ ክፍል ኤ ዜድ ኤፍ ይባላል፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብሎ ይከፈላል። የጠፋው ኤ ዜድ ኤፍ ኤ ወይም ኤ ዜድ ኤፍ ቢ ሙሉ በሙሉ ከሆነ ቆለጥ ተከፍቶ ቢፈለግ ስፐርም አይገኝም፤ ቀዶ ሕክምናው መቅረት አለበት። ሀብት ሸጦ፣ ተበድሮ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ይህን ወረቀት በእጁ ይያዝ። ኤ ዜድ ኤፍ ሲ ብቻ ከጠፋ ግን ሌላ ነው፤ ከግማሽ በሚበልጡት በቀዶ ሕክምና ይገኛል፣ አንዳንዶቹም በፈሳሹ ውስጥ ጥቂት አላቸው። ቁጥሩ በዓመታት ውስጥ እየቀነሰ ሊሄድ ስለሚችል ዛሬ ያለው ስፐርም ቶሎ በላብራቶሪ በረዶ ሆኖ ለኋላ ይቀመጥ። ይህ አባት ሴት ልጅ ቢወልድ አያስተላልፍባትም፤ ወንድ ልጅ ቢወልድ ያንኑ ጎዶሎ ዋይ ይወርሳል። ውሳኔው የባልና የሚስት ነው፤ ግን ከሕክምናው በፊት ይነገራቸው።

የዘር ቱቦ በሁለቱም በኩል የሌለው ሰው ስፐርሙ ይሠራል፣ መውጫ ብቻ አጥቷል። ፈሳሹ ትንሽ፣ ፒ ኤቹ አሲዳማ፣ ፍሩክቶስ (የዘር ፈሳሽ ስኳር) የሌለበት ነው፤ መጠንና ፒ ኤች ወረቀቱ ላይ ይጻፍ ያልነው ለዚህ ነው። ስፐርሙ በመርፌ ወይም በቀላል ቀዶ ሕክምና ይወጣል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በ7ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ ሲ ኤፍ ቲ አር የተባለ ጂን ነው። ይኸው ጂን ከሁለቱም ወላጅ ተበላሽቶ ሲመጣ ሕፃኑ ላይ ሳንባና ቆሽትን የሚጎዳ ከባድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከኢክሲ በፊት ሚስትም ትመርመር። ባልየው ሁለት የተበላሸ ቅጂ ኖሮት ሚስትም አንድ ካላት ከሁለት ልጅ አንዱ ሁለት የተበላሸ ይደርሰዋል። አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ የተለመዱት የምርመራ ዝርዝሮች የተዘጋጁት በአውሮፓውያን ላይ በሚበዙ ለውጦች ነው። በእኛ ሰው ላይ «ምንም አልተገኘም» ቢል ጂኑ ደህና ነው ለማለት አይበቃም፤ የሚቻል ከሆነ ሙሉ ጂኑ ይነበብ። የኩላሊት አልትራሳውንድም ይደረግ፤ አንድ ኩላሊት አብሮ ከሌለ ምክንያቱ ይህ ጂን ላይሆን ይችላል።

ካልማን የሚባለው፣ ትእዛዙ ከአንጎል የማይመጣበትና ማሽተትም የሚጠፋበት ችግር፣ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ የሚያሳዝነውም መዳን የሚችለው እሱ መሆኑ ነው። ምልክቱን ወሎ ቤት ውስጥ በቡና ሰዓት መለየት ይቻላል፦ ቡና ሲቆላ ሽታው የማይደርሰው፣ የዕጣኑን ጭስ በዓይኑ ብቻ የሚያየው፣ በ18 ዓመቱ ድምፁ ያልጎረነነ፣ ጢም ያላበቀለ ወጣት። ብዙዎቹ ማሽተት አለመቻላቸውን አይናገሩም፣ ሌላው ምን እንደሚሸተው ስለማያውቁ። ቆለጡ ከ4 ሚሊ ሊትር ያነሰ፣ ኤፍ ኤስ ኤች፣ ኤል ኤችና ቴስቶስትሮን ሦስቱም ዝቅተኛ ናቸው። አንጎል ሥር ባለው ዕጢ ላይ ሌላ ችግር እንዳይኖር ኤም አር አይ ይነሳል። ሕክምናው ኤች ሲ ጂ (በኤል ኤች ፈንታ የሚሠራ ሆርሞን) መርፌ ነው፤ በተለምዶ ከ1,500 እስከ 2,500 ዩኒት፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፤ ቴስቶስትሮኑ ሲስተካከል ኤፍ ኤስ ኤች ከ75 እስከ 150 ዩኒት በሳምንት ሦስት ጊዜ ይጨመራል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ስፐርም እስኪታይ ከ6 እስከ 24 ወር ይፈጃል፤ በአራተኛው ወር «አልሠራም» ብሎ የሚያቆም ሰው ገንዘቡን ጥሏል። መርፌው ከአዲስ አበባ ተገዝቶ ሲመጣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሙቀት ይጠበቅ፤ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን የዋለ መርፌ ጥቅሙን ሊያጣ ይችላል።

ስፐርሙ በቁጥር ደህና ሆኖ ምንም የማይንቀሳቀስ ከሆነ መጀመሪያ በቀለም ሕያው መሆኑ ይታይ። ሕያው ሆኖ ካልተንቀሳቀሰ፣ ሰውየውም ከልጅነቱ ጀምሮ ሳልና የሳይነስ ሕመም ካለበት፣ የጅራቱን ሞተር የሚሠሩት ጂኖች ይጠረጠራሉ። በኢክሲ መውለድ ይቻላል።

ቴስቶስትሮን መርፌ

ልጅ የሚፈልግ ወንድ «ወንድነት ይጨምራል» ተብሎ ቴስቶስትሮን አይወጋ። ከውጭ የገባው ሆርሞን አንጎል ኤፍ ኤስ ኤችና ኤል ኤች እንዳይልክ ያደርጋል፤ ጤነኛ የነበረው ሰው ስፐርም እስከ ማጣት ይደርሳል። ካቆመ በኋላ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወጋው የሆርሞን መርፌም ያው ነው። ምርመራ ላይ ይህን መደበቅ ውጤቱን ሁሉ ያበላሻል፤ ኤፍ ኤስ ኤቹ ዝቅ ብሎ ካልማን ያስመስለዋል።

የዘር ሐረጉን ሲጽፉ

ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የለመደ ቤተሰብ ለሐኪሙ የሚሆን ወረቀት መጻፍ አይከብደውም፤ ሦስት ትውልድ ይበቃል። አጎት በእናት በኩል ይሁን በአባት ለይተው ይጻፉ፤ በኤክስ ክሮሞሶም የሚወርድ ችግር የሚታየው በእናት ወንድሞች ላይ ነው። ያልወለደ፣ ጢም ያላበቀለ፣ የማያሸት፣ ተደጋጋሚ ውርጃ ያጋጠማት፣ ሕፃናት የሞቱባት ሁሉ ይጻፍ። ባልና ሚስት የአጎትና የአክስት ልጆች ከሆኑ ሳይሸፍኑ ይንገሩ፤ ከሁለቱም ወላጅ ተበላሽቶ ሲገናኝ ብቻ የሚታይ ችግር በዚህ ጋብቻ ዕድሉ ይጨምራል። ክላይንፌልተርና የዋይ መጉደል ግን ከሥጋ ዝምድና ጋር አይያያዙም።

ወዴት መሄድ

የዘር ፈሳሽ፣ ሆርሞን፣ አልትራሳውንድና የሐኪም እጅ ምርመራ በደሴ ወይም በወልድያ ሪፈራል ሆስፒታል ይጀመር፤ ያለ እነዚህ ወረቀቶች አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉንም እንደ አዲስ ይከፍላል። ለኢክሲ ሪፈር ሲጻፍ የመንግሥቱን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ማዕከል ይጠይቁ። ማይክሮ ቴሴ የሚሠራልዎትን ቦታ ሲመርጡ ስለ ዋጋው ከመጠየቅዎ በፊት ስፐርም ቢገኝ የሚያቀዘቅዝ ላብራቶሪ በዚያው ቀን ዝግጁ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ የተገኘው ይሞትና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። የካርዮታይፕና የዋይ ውጤት ዕድሜ ልክ አይለወጥም፤ ማንም «እንደገና ይሠራ» ቢልዎት ምክንያቱን ይጠይቁ፣ ዋናውን ወረቀት አይስጡ፣ ኮፒውን ይስጡ። የኤ ዜድ ኤፍ ሲ ጉድለት ያለበት አባት በኢክሲ ወንድ ልጅ ከወለደም ወረቀቱ ይቀመጥ፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ስፐርሙ ተመርምሮ ካለ በጊዜ እንዲቀዘቅዝለት።